ኸርሺ ቤርስ፦ ይህቺ ትንሽ ከተማ ቡድኗን እንዴት ይዛ ቆየች?

የናቲ አባት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ወገኖች፣ እንዴት ናችሁ? ጥያቄዬ የስፖርት ነው፣ ግን የእግር ኳስ አይደለም። ልጄ አይስ ሆኪ ከጀመረ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። የዋሽንግተኑን ሆኪ ቡድን ካፒታልስን እኔም ለምጄዋለሁ፣ እዚህ አካባቢ ኖሮ ኮከቡን ኦቬችኪንን የማያውቅ ሰው የለም። አሁን ደግሞ ልጁ ኸርሺ ቤርስ የሚባል ቡድን ይዟል። ኸርሺ ያው የቸኮሌቷ ከተማ ናት፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ ትምህርት ሲዘጋ ሁላችንም ልጆች ይዘን የምንሄድበት መዝናኛ ያለባት።

ትንሽ ላነብ ሞከርኩና ይበልጥ ግራ ገባኝ። የከተማዋ ሕዝብ 14 ሺህ ገደማ ነው። ቡድኑ ግን ከ1938 ጀምሮ በአንድ ሊግ፣ በአንድ ከተማ ሳይቋረጥ ተጫውቷል። ካፒታልስ ራሱ መጫወት የጀመረው በ1974 ነው። ቤርስ 13 ጊዜ ዋንጫ በልቶ እስካሁን ሁለተኛው ሊግ ውስጥ አለ! እኛ በምናውቀው ኳስ ያሸነፈ ያድጋል፣ የተሸነፈ ይወርዳል። ይሄ ለምን አያድግም?

ሌላው ደግሞ፣ ልጄ «የካፒታልስ ቡድን ነው» ይለኛል፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «የለም፣ የቸኮሌት ፋብሪካው ነው» አለኝ። የማን ነው? ትልልቅ ከተሞች ቡድናቸውን እያጡ ይህቺ እንዴት ይዛ ቆየች? የሚያውቅ ካለ ከሥሩ ያስረዳኝ። ልጄ ሲያወራኝ አብሬው ማውራት እፈልጋለሁ።


ፔንሲልቬንያው (ሃሪስበርግ)

ሰላም የናቲ አባት። ለኸርሺ ቅርብ ነኝ፣ ቡድኑንም ከልቤ ነው የምደግፈው፣ ስለዚህ ከረዘመብህ ታገሰኝ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

መነሻው ሚልተን ኸርሺ ነው። በ1857 እዚያው አካባቢ ከገበሬ ቤት ተወለደ። የከረሜላ ንግድ ጀምሮ ፊላዴልፊያ ላይ ከሰረ፣ ኒውዮርክ ሄዶ እንደገና ከሰረ። በመጨረሻ ላንካስተር ላይ ካራሜል እየሠራ ሀብታም ሆነ። በ1900 የካራሜል ኩባንያውን በአንድ ሚሊዮን ዶላር ሸጦ ወደ ትውልድ ቀዬው ተመለሰና እርሻና የግጦሽ መሬት መሃል የቸኮሌት ፋብሪካ ተከለ። ወተቱ ከአጠገቡ ነው የሚመጣው። ከፋብሪካው ጋር ከተማውንም ሠራው፦ የሠራተኛ ቤት፣ ትራም፣ ባንክ፣ መናፈሻ፣ ሁሉን። ሠራተኛ ሥራ ብቻ ሳይሆን መዝናኛም ያስፈልገዋል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር።

ሆኪው የመጣው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ነው። የከተማዋን መዝናኛ የሚመራው ጆን ሶለንበርገር የሚባል ሰው ነበር። አይስ ፓላስ በምትባል ትንሽ አዳራሽ የሆኪ ጨዋታ ሲያሳዩ ሕዝቡ ወደደው። በ1932 የራሳቸውን ቡድን አቋቋሙና ከካናዳ ልጆች አስመጡ። ከነሱ አንዱ ሎይድ ብሊንኮ ነው። ተጫዋች ሆኖ መጣ፣ አሰልጣኝ ሆነ፣ ሥራ አስኪያጅ ሆነ፣ እዚያው ቀረ። እንዲህ ዓይነት ሰው በዚህ ቡድን ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል፣ በኋላ አነሳዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ስማቸው በቀጥታ የቸኮሌቱ ስም ነበር፣ «ኸርሺ ቸኮሌት ባርስ»። የኒውዮርክ ጋዜጠኞች ይሄ ስፖርት ሳይሆን ማስታወቂያ ነው እያሉ ሲያማርሩ በ1936 ቤርስ፣ ማለትም ድቦቹ፣ ተባሉ።

አሁን ወደ አሬናው ልምጣ፣ ለኔ ከታሪኩ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ጊዜው አሜሪካ በድቀት የተመታችበት ነው፣ ፋብሪካ እየተዘጋ ሰው ለዳቦ ይሰለፋል። ኸርሺ ግን በዚያ ጊዜ ግንባታ ጀመረ። ሆቴል፣ ቲያትር ቤት፣ ከዚያ ደግሞ የስፖርት አሬና። ሲሚንቶና ብረት ርካሽ ነው፣ ሥራ የሚፈልግ ሰው በየበሩ ነው። አሬናው በታኅሣሥ 1936 ተከፈተ፣ ከ7 ሺህ በላይ መቀመጫ ነበረው፣ ከከተማዋ ነዋሪ ቁጥር ይበልጣል ማለት ነው። አንቶን ቴዴስኮ የሚባል መሐንዲስ ጣሪያውን ከስስ ኮንክሪት ሠራው። ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው ድረስ በአንድ ቅስት ይሄዳል፣ መሃል ላይ አንድም ምሰሶ የለም። ስለዚህ የትም ብትቀመጥ በረዶው ሙሉ በሙሉ ይታይሃል። አሜሪካ ውስጥ በዚያ አሠራርና በዚያ ስፋት የተሠራ የመጀመሪያው ትልቅ ጣሪያ ነው። ኮንክሪቱን ያፈሰሱት ደግሞ የራሷ የከተማዋ ሰዎች ናቸው።

ቅርጫት ኳስ የሚወድ ካለ፦ ዊልት ቻምበርሌን በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ ያስቆጠረው እዚሁ አሬና ውስጥ ነው፣ መጋቢት 2 ቀን 1962። ተመልካቹ 4,124 ነበር።

ቤርስ በ1938 ዛሬ አሜሪካን ሆኪ ሊግ ወደምንለው ውድድር ገባ። ሊጉ ራሱ የተመሠረተው በ1936 ነው። ከዚያ ወዲህ ጦርነት መጣ፣ ሌሎች ቡድኖች ፈረሱ፣ ከተማ ቀየሩ፣ ስም ቀየሩ። ኸርሺ ግን እስከ ዛሬ አለ። የሊጉን ዋንጫ፣ ካልደር ካፕ የሚባለውን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1947 በላ።


ሜሮን (ፌርፋክስ)

እኔ የማደግ የመውረዱን ነገር ልመልስ፣ ምክንያቱም ባለቤቴም መጀመሪያ ላይ ያልገባው እሱ ነበር።

እዚህ አገር ትልቁ ሊግ ውስጥ የሚገባው በማሸነፍ አይደለም። ቦታው በፈቃድ ነው የሚያዘው። ባለሀብት በመቶ ሚሊዮኖች ከፍሎ ይገዛዋል። ስለዚህ ቤርስ ሃምሳ ዋንጫ ቢበላም አያድግም። ቡድኑ ባለበት ይቆያል፣ የሚያድጉት ተጫዋቾቹ ናቸው።

አሁን በላይኛው ሊግ 32 ቡድን አለ፣ በታችኛውም 32። እያንዳንዱ የላይ ቡድን ታች አንድ አጋር አለው። ካፒታልስ ወጣት ያስፈርማል፣ ደሞዙን ይከፍላል፣ አሰልጣኙንም እሱ ይመድባል፣ ልጁን ግን እንዲበስል ኸርሺ ይልከዋል። ላይ አንድ ሰው ሲጎዳ ጠዋት ስልክ ይደወላል። ልጁ ጫማውንና ዱላውን መኪና ላይ ጭኖ ወደ ደቡብ ይነዳል፣ ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው፣ ማታ ዋሽንግተን ላይ ሃያ ሺህ በሚጠጋ ሕዝብ ፊት ይሰለፋል። በሳምንቱ ተመልሶ ኸርሺ ሊገኝ ይችላል። የታችኛው ሊግ ከባድነቱ ይሄ ነው። አሰልጣኙ ነገ ማን እንደሚወሰድበት አያውቅም፣ በዚያ ላይ ሕዝቡ ዋንጫ ይጠብቃል።

የማን ነው ላልከው፣ ልጅህም ባልደረባህም እውነት አላቸው፣ እያንዳንዳቸው ግማሹን ነው የያዙት። ተጫዋቾቹ በአብዛኛው የካፒታልስ ናቸው። ቡድኑ፣ ስሙ፣ ትኬቱ ግን የኸርሺ ኢንተርቴይንመንት ነው፣ መዝናኛ ፓርኩንና ሆቴሉን የሚያስተዳድረው ድርጅት። እሱ ደግሞ ሚልተን ኸርሺ ያቋቋመው አደራ (ትረስት) ንብረት ነው። ሰውየው ልጅ አልነበረውም፣ በ1909 ከሚስቱ ጋር ሆኖ ወላጅ ላጡ ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ፣ በ1918 ደግሞ ሀብቱን ለትምህርት ቤቱ አወረሰው። ትምህርት ቤቱ ዛሬም በነፃ ያስተምራል። እና የቤርስ ትኬት ስትገዛ ገንዘቡ ዞሮ ዞሮ የሚሄደው ወደዚያ አደራ ነው። ይሄን ሳውቅ ቡድኑን ይበልጥ ወደድኩት።

ከካፒታልስ ጋር ያላቸው ውል ነው። መጀመሪያ ከ1977 እስከ 1984 አብረው ነበሩ፣ ከዚያ ኸርሺ ከፊላዴልፊያ ጋር ሆነ፣ ከ1996 ከኮሎራዶ ጋር፣ ከ2005 ጀምሮ እንደገና ከካፒታልስ ጋር። የላይኛው አጋር ሲቀየር ተጫዋቾቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ይቀየራሉ፣ ማሊያውና ደጋፊው ግን አይነቃነቅም።

ለናቲ ደግሞ ይሄን ንገረው፦ በ2018 ካፒታልስ የላይኛውን ሊግ ዋንጫ፣ ስታንሊ ካፕን፣ ሲበላ በረኛው ሆልትቢ፣ ተከላካዩ ጆን ካርልሰን፣ ጄይ ቢግል ሁሉም በኸርሺ ያለፉ ናቸው። ቢግልማ የሦስተኛውን፣ የሁለተኛውንና የአንደኛውን ሊግ ዋንጫ የበላ የመጀመሪያው ተጫዋች ነው። አሰልጣኞቹም እንደዚሁ። ብሩስ ቡድሮ በ2006 ኸርሺን ለዋንጫ አብቅቶ በኅዳር 2007 ካፒታልስን ተረከበ፣ ካፒታልስ ያኔ መጨረሻ ላይ ነበር፣ በዚያው ዓመት ምድቡን አሸነፈ። የአሁኑ አሰልጣኝ ስፔንሰር ካርቤሪም ኸርሺን አሠልጥኗል።


ሰባ ደረጃ (አሌክሳንድሪያ)

ፔንሲልቬንያው ጥሩ አድርገህ ነው የጻፍከው፣ ግን እኔ በግልጽ ልናገር፣ ምስጢሩ ገንዘብ ነው። እኛም አገር እናውቀዋለን። ንግድ ባንክ ቡድን አለው፣ መብራት ኃይል ቡድን ነበረው፣ ከኋላ ድርጅት እስካለ ድረስ ተጫዋች ደሞዙን ያገኛል። ተመልካች ቢቀንስም ባይቀንስም ቡድኑ አይሞትም። ኸርሺም ከጀርባው የቸኮሌት ሀብት ስላለ ነው የቆየው። ሌላው ከተማ ያ ሀብት ቢኖረው እሱም ይቆይ ነበር። ሕዝቡ የተለየ ፍቅር ስላለው ነው የሚለውን አልቀበለውም።


ፔንሲልቬንያው (ሃሪስበርግ)

ሰባ ደረጃ፣ ገንዘቡን አልክድም። ግን ገንዘብ ያላቸው ባለቤቶችም ቡድናቸውን ከከተማ ከተማ ሲያዞሩ አይተናል፣ ልዩነቱ ባለቤቱ ከየት ነው የሚለው ላይ ነው። ለእናንተ ቅርብ የሆነ ምሳሌ ልስጥህ። ባልቲሞር ስኪፕጃክስ የሚባል ቡድን ነበራት፣ ከ1988 ጀምሮ የካፒታልስ አጋር የነበረው እሱ ነው። ባልቲሞር ስንት እጥፍ ኸርሺን ትሆናለች! በ1993 ቡድኑ ተነቅሎ ሜይን፣ ፖርትላንድ ሄደ። በ2016 ደግሞ ፖርትላንድም አጣው፣ ቡድኑ ተሸጦ ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ገባ። የታችኛው ሊግ ልማድ ይሄ ነው። ባለቤቱ ሌላ ቦታ የተሻለ አሬና ወይም የተሻለ ውል ካገኘ ይሄዳል፣ ደጋፊው ጠዋት ተነስቶ ቡድን የለውም።

ኸርሺ ላይ ባለቤቱ የት ይሄዳል? አሬናው የሱ ነው፣ ሆቴሉ የሱ ነው፣ ፓርኩ የሱ ነው። ፓርኩ በብርድ ወራት ጭር ሲል ሰው ወደ ከተማዋ የሚያመጣው ቡድኑ ነው። ቡድኑን መሸጥ የራስን ቤት ማፍረስ ነው የሚሆንባቸው።

እና ዋንጫውን ገንዘብ ብቻ አላመጣውም። ከ1947 በኋላ እስከ 1958 አንድም አልበሉም፣ የቸኮሌቱ ሀብት ያኔም ነበር። የተለወጠው ፍራንክ ማዘርስ ሲመጣ ነው። በ1956 ነው የመጣው። ፒትስበርግ ሆርኔትስ የሚጫወትበት አሬና ሊፈርስ ሲሆን ቡድኑ ሥራ አቆመ፣ ማዘርስ ተከላካይ ነበር፣ ኸርሺ ተጫዋችና አሰልጣኝ አድርጎ ወሰደው። አስቡት፣ እዚያው በረዶው ላይ እየተጫወተ ነው የሚያሠለጥነው። በ1958 ዋንጫ፣ በ1959 ደገመ። መጫወቱን ካቆመ በኋላ አሰልጣኝ ሆኖ በ1969 ሦስተኛውን አመጣ። በ1973 ቦታውን ለቆ ወደ አስተዳደር ገባ፣ በሱ አመራር በ1974፣ በ1980 እና በ1988 ሌላ ሦስት ተጨመረ። የ1988ቱን ልብ በሉ፣ በፕሌይኦፉ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ባለው የዋንጫ ፍልሚያ) 12 ጨዋታ አደረጉ፣ 12ቱንም አሸነፉ። ማዘርስ ጡረታ የወጣው በ1991 ነው። 35 ዓመት፣ አንድ ቡድን፣ ስድስት ዋንጫ። በ1992 የሆኪ የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ። ላይኛው ሊግ ውስጥ የተጫወተው ጥቂት ጨዋታ ብቻ ነው፣ የከበረው በታችኛው ሊግ ሥራው ነው።

ተጫዋቾቹም እዚያው ይቀራሉ። ጨዋታ ካቆሙ በኋላ ቤት ገዝተው፣ ልጅ አሳድገው፣ የልጆች ቡድን እያሠለጠኑ የሚኖሩ ብዙ ናቸው። ሱፐርማርኬት ውስጥ ከጎንህ የቆመው ሽማግሌ የ1960ዎቹ ተከላካይ ሊሆን ይችላል። ይሄን በገንዘብ አታመጣውም።


ሰባ ደረጃ (አሌክሳንድሪያ)

የባልቲሞሩን ነገር አላሰብኩበትም ነበር፣ ጥሩ ነጥብ ነው። አሁንም ግን አሬናው የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ማዘርስ 35 ዓመት የሚቆይበት ቤት አያገኝም እላለሁ። መጀመሪያ ቤቱ፣ ከዚያ ሰውየው።


የቤቲ እናት (ዉድብሪጅ)

ሁለታችሁም ተስማምታችኋል እኮ፣ ሳይታወቃችሁ! እኔ ስለ ልጆች ልጻፍ።

የናቲ አባት፣ ልጅህን የምትወስደው ከሆነ የቴዲ ቤር ቀኑን እንዳያመልጥህ። ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ አንድ ጨዋታ ላይ የሚያደርጉት ነው። ሰው ሁሉ አሻንጉሊት ድብ ይዞ ይገባል፣ አንዳንዱ አንድ፣ አንዳንዱ በትልቅ ፌስታል አጭቆ። ኸርሺ የመጀመሪያውን ጎል ሲያገባ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ በረዶው ይወረውራል። ከላይኛው ረድፍ የተወረወረው ታች ያሉት ራስ ላይ ያርፋል፣ እነሱ አንስተው ይወረውሩታል፣ ለብዙ ደቂቃ አየሩ ላይ አሻንጉሊት ብቻ ነው የሚታየው። ነጩ በረዶ ጠፍቶ ቡኒ ይሆናል። ተጫዋቾቹ ክምሩ ላይ ይዘላሉ፣ ትንንሽ ልጆች ሲያዩ ያብዳሉ። ከዚያ በጎ ፈቃደኞች እየለቀሙ መኪና ላይ ይጭናሉ፣ ለበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ለትምህርት ቤቶች ይከፋፈላል። በጥር 2025 የተሰበሰበው 102,343 ነበር። አሬናው የሚይዘው አሥር ሺህ ተኩል ገደማ ሰው ነው፣ ለአንድ ሰው ስንት እንደሚደርስ አስሉት። ለዚህ ጨዋታ ትኬት ቀደም ብሎ ያልቃል፣ እንዳትዘገይ።

የሚጫወቱት አሁን ጃየንት ሴንተር በሚባለው አዲሱ ነው፣ በ2002 የተከፈተ። ያ ፔንሲልቬንያው ያወራለት አሮጌው አሬና ከአጠገቡ ቆሟል፣ ጣሪያውን ከውጭ ማየት ይቻላል፣ ለናቲ አሳየው።

ሌላ ነገር ደግሞ፣ የሆኪ ዋጋ ወላጅን ያደቃል፣ ጫማው፣ መከላከያው፣ የሜዳ ኪራዩ። ዲሲ ውስጥ ፎርት ዱፖንት የሚባል የልጆች ክለብ አለ፣ ኒል ሄንደርሰን በ1970ዎቹ መጨረሻ የመሠረተው። ብዙዎቹ ልጆች ጥቁሮች ናቸው፣ በሰሜን አሜሪካ ከእንዲህ ዓይነቶቹ ክለቦች ረጅሙ ዕድሜ የሱ ነው። ሄንደርሰን በ2019 የአሜሪካ ሆኪ የክብር መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ልጆቻችን በረዶው ላይ ብቻቸውን እንደሆኑ እንዳይሰማቸው ለሚፈልግ ወላጅ ይሄን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል።


የናቲ አባት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ይሄን ያህል አልጠበቅኩም። አሁን ገና ነገሩ ገባኝ፣ በተለይ የአደራው ነገር። ለልጄ ዛሬ ማታ የማዘርስን ታሪክ እነግረዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ከኸርሺ ዋንጫዎች ውስጥ ሙሉውን ጨዋታ ከልጄ ጋር ቁጭ ብዬ ልይ ብል የትኛውን ትመርጡልኛላችሁ?


ቢኒ 17 (ቦዊ)

ጋሼ፣ እዚህ ላይ እኔ ልግባ። ሰው የ2010ን ሊልዎት ይችላል፣ ያ ቡድን በመደበኛው ውድድር 60 ጨዋታ አሸንፏል፣ የሊጉ ክብረ ወሰን ነው። እኔ ግን የ2023ን ሰባተኛ ጨዋታ እላለሁ፣ ያለ ምንም ጥርጥር።

ተጋጣሚው ኮቼላ ቫሊ ነው፣ ከካሊፎርኒያ በረሃ፣ በተመሠረተ በመጀመሪያ ዓመቱ ፍጻሜ የደረሰ ቡድን። የሊጉ አዛውንትና የሊጉ ሕፃን ማለት ነው። ኸርሺ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች እዚያ ሄዶ 5 ለ 0 እና 4 ለ 0 ተሸነፈ። አንድ ጎል እንኳ አላገባም! ሰው ሁሉ አበቃ አለ። ቤቱ ተመልሶ ሦስቱንም አሸነፈ፣ ሁለቱን በተጨማሪ ሰዓት። ስድስተኛውን ደግሞ ተሸነፈ። ሰባተኛው በረሃው ላይ ነው፣ ኮቼላ 2 ለ 0 መራ። ኸርሺ አቻ አደረገ፣ ተጨማሪ ሰዓት ተገባ፣ አንድ ጎል ያገባ ዋንጫውን ይወስዳል። ማይክ ቬኪዮኒ አገባት። የፕሌይኦፉ ኮከብ የተባለው በረኛው ሃንተር ሼፐርድ ነው፣ ናቲ በረኛ ከሆነ እሱን ይከታተል፣ ግፊቱ ሲበዛበት እንዴት ተረጋግቶ እንደሚቆም ይይ።

በሚቀጥለው ዓመት ያው ሁለቱ እንደገና ተገናኙ፣ ኸርሺ በስድስት ጨዋታ ጨረሰው። የመጨረሻው በተጨማሪ ሰዓት፣ 5 ለ 4፣ በራሱ ሜዳ ነበር፣ ማት ስትሮም ነው ያገባው። 13ኛው ዋንጫ እሱ ነው። የሰባተኛውን ጨዋታ ሙሉ ቅጂ ማግኘት ከቻሉ ከሦስተኛው ክፍል ጀምሮ ይዩት፣ ካልተቻለ ደግሞ የተጨማሪ ሰዓቱ ቅንጭብ ኢንተርኔት ላይ አለ። አዲሱ ሲዝን ጥቅምት ላይ ይጀምራል፣ በመኪና ለመሄድ የቅዳሜ ጨዋታ ይሻላል።